ብርጭቆ አቅልጦ ዶቃ መሥራት ለሚጀምር ሰው

ዶቃ ከገበያ በእፍኝ ሲገዛ ሁሉም የሚያየው ቀለሙን ነው። በእጅ የተሠራ ዶቃ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ግን በሁለቱ አፎቹ ነው፤ ክሩ በሚገባበትና በሚወጣበት። አፉ ክብ ሆኖ ትንሽ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ሠሪው እሳቱን ያውቀዋል። አፉ ሹል ከሆነ ክር ይበጥሳል፣ አንገት ይቧጭራል፣ መጨረሻውም ራሱ መሸረፍ ነው። እዚህ የምጽፈው እዚያ ጥሩ አፍ ላይ እስክትደርሱ ያለውን ነው። አበባው፣ ዓሣው፣ ልቡ ምናምኑ በኋላ ይደረስበታል።

ሙያው የቆየ ነው። ቬኒስ የብርጭቆ እቶኖቿን ወደ ሙራኖ ደሴት ያዛወረችው እ.ኤ.አ. በ1291 ነው። በኋለኞቹ ዘመናት በመብራት ነበልባል ላይ የብርጭቆ ዘንግ እያቀለጡ በሽቦ ላይ የሚጠመጥሙ ሠሪዎች በዙ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የጣሊያንና የፈረንሳይ የብርጭቆ ዶቃ ጥበብ በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ወደ እኛም አገር ብርጭቆ የገባው በባሕር ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የባሕር ንግድ መመሪያ በቀይ ባሕር ዳር ወደነበረው የአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ብርጭቆን ይጠቅሳል። ጨሌ የማያውቅ የለም፤ ብርጭቆው ዶቃ ሲሆን ያየ ግን ብዙ አይደለም።

ቦታውን ማዘጋጀት

አፓርታማ ውስጥ አይሞከርም። የኪራይ ውሉ ባይከለክል እንኳ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ሳሎን ለዚህ አይሆንም። በሩ የሚከፈት ጋራዥ ወይም ግቢ ውስጥ ያለ ማድ ቤት ይሻላል። ምድር ቤትም ይቅር። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለሉ ላይ ተኝቶ ብልጭታ ነው የሚጠብቀው።

አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ ከፊት ለፊታችሁ፣ ንጹሕ አየር የሚገባበት በር ወይም መስኮት ከጀርባችሁ ይሁን። ጭሱ ወደ ፊት እየራቀ ይሂድ እንጂ በአፍንጫችሁ በኩል አይለፍ። ጠረጴዛው ላይ ላሜራ አንጥፉ። የእሳት ማጥፊያውን ከቶርቹ (ነበልባሉን ከሚያወጣው መሣሪያ) ወዲህ፣ እናንተ ባላችሁበት በኩል አስቀምጡ። እሳት ተሻግረው የሚያነሱት ማጥፊያ ለምንም አይጠቅም።

ልብስ ጥጥ ብቻ። ፖሊስተርና ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ነጠላና ጫፉ የሚንጠለጠል ሻሽ ይውለቅ፤ ፀጉር ወደ ኋላ ይታሰር። ጫማ ድፍን ይሁን፤ ቁምጣ አይለበስ፤ ትኩስ ብርጭቆ አንዳንዴ ጭን ላይ ነው የሚያርፈው። ከተቃጠላችሁ ቦታውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዙት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ የሚባል ነገር አይቀባም፤ ጎረቤት ምንም ቢላችሁ። ቃጠሎው ሰፊ ወይም ጥልቅ ከሆነ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ምን ይገዛል

ቶርች። ብዙ ጀማሪ የሚነሣው ሆት ሄድ በሚባለው ነው። በትንሽ የጋዝ ጠርሙስ አናት ላይ ይጠመዘዛል፤ ኦክስጅኑን ከአየር ራሱ ይስባል። ይጮኻል፤ ቀርፋፋም ነው። ለእኔ ቀርፋፋነቱ ጥቅሙ ነው፤ ጀማሪ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ፕሮፔንና ኦክስጅን የሚያቀላቅለው ቶርች በጣም ይሞቃል፤ ግን ኦክስጅን የራሱ ጠባይ አለው። ማያያዣው ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ከነካው ሊቀጣጠል ይችላል። እሱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ጀምሩት።

የጋዝ ጠርሙሱ በሥራ መሐል ይቀዘቅዛል፤ ነበልባሉም ይደክማል። ጋዝ አለቀ ብላችሁ አትጣሉት፤ አርፎ ይመለሳል። ድሮ ሲሸጥ የነበረው ዋናው ማፕ ጋዝ በሰሜን አሜሪካ በ2008 ምርቱ ቆሟል። ዛሬ በቢጫ ጠርሙስ ማፕ ፕሮ ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ነው፤ አብዛኛው ፕሮፒሊን ነው። ለዶቃ ይሠራል።

አገር ቤት ያላችሁ የሚመጣላችሁን ሐሳብ እገምታለሁ፤ የማብሰያው ቡታጋዝ። የምድጃ ሬጉሌተር የሚያሳልፈው ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ለዚህ ቶርች አይበቃም። ሬጉሌተሩን ነቅሎ በቀጥታ ማገናኘት ደግሞ አይታሰብም። ለቶርቹ የተሠራ ቱቦና ማያያዣ ያስፈልጋል። ሠፈር ያለው በያጅ ጋር ሄዶ በአሴትሊን መሞከርም አያዋጣም፤ ጥቀርሻው ብርጭቆው ውስጥ ይገባና ቀለሙን ያበላሸዋል።

መነጽር። ብርጭቆ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ሶዲየም ደማቅ ቢጫ ብርሃን ይረጫል፤ ዶቃውን ጨርሶ ይሸፍነዋል። ዲዲሚየም የሚባለው መነጽር ያንን ቢጫ ብቻ ለይቶ ያስቀራል። የፀሐይ መነጽር ይህን አይሠራም። የብየዳ መነጽር ደግሞ ለዚህ ሥራ ከልክ በላይ ይጨልማል። በዚህ ዕቃ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ሽቦ። ማንድሬል ይባላል። የማይዝግ ብረት ነው፤ ለመጀመሪያ 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይመቻል። ከዚህ የቀጠነው ሲግል ይጎብጣል።

ማላቀቂያ ጭቃ። ሻጮች ቢድ ሪሊስ ይሉታል። ሽቦው የሚነከርበት የሸክላና የአሉሚና ድብልቅ ነው። ያለ እሱ ብርጭቆው ከብረቱ ጋር ይጣበቅና ዶቃውን ሳይሰብሩ ማውጣት አይቻልም።

የብርጭቆ ዘንግ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ዶቃ የሚሰነጠቅበት ምክንያት ከሱቅ ነው የሚጀምረው። ብርጭቆ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። የሚሰፋበት መጠን ግን እንደየዓይነቱ ይለያያል። ሻጮች በቁጥር ይገልጹታል። ኤፌትሬ የሚባለው የሙራኖ ብርጭቆ 104 ነው። ቡልስአይ የሚባለው 90 ነው። ቦሮሲሊኬት፣ ማለትም የላቦራቶሪ ብርጭቆ የሚሠራበት፣ 33 ነው። 104 እና 90 አንድ ዶቃ ውስጥ ካገናኛችሁ ሲበርዱ እኩል አይኮማተሩም፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይሰነጠቃል። የቢራ ጠርሙስና የመስኮት መስታወት ከ104 ጋር አይሄዱም፤ ለማቅለጥም ይከብዳሉ። ስለዚህ ቁጥር ምረጡ፣ በእሱ ጽኑ። ለጀማሪ 104 በ5 ወይም 6 ሚሊሜትር ውፍረት ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይለሰልሳል።

ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ጥቁር፣ ነጭ፣ አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ። ዝሆን ጥርስ መሳዩንና ቱርኩዊዙን ለጊዜው ተዉዋቸው። ቱርኩዊዝ ኦክስጅን ባነሰው ነበልባል ውስጥ የጡብ ቀለም ያለው ቆሻሻ ሽፋን ያወጣል፤ ጀማሪም ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል።

ከዚህ ሌላ የግራፋይት መዳመጫ፣ ፒንሳ፣ የሞቀውን ዘንግ የምታስደግፉበት ማረፊያ፣ ቨርሚኩላይት (ሙቀት ቶሎ የማያስወጣ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) የሞላ የብረት ድስት፣ አንድ ጣሳ ውሃ። ቨርሚኩላይት ሲፈስና ሲታመስ ይቦናልና የአቧራ ጭምብል አድርጉ።

እሳት ከመለኮሱ በፊት

ሽቦውን ጭቃው ውስጥ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ያህል አስገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ብረቱ በጭቃው በኩል መታየት የለበትም፤ ጭቃው ግን ጓል ሠርቶ መንጠልጠልም የለበትም። ከሳሳ ትንሽ ጭቃ ጨምሩ፤ ከወፈረ ውሃ ጠብ አድርጉ። አሸዋ የሞላ ጣሳ ላይ ሰክታችሁ በደንብ ይድረቅ። ሥራ ከመጀመራችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ብታዘጋጁ ጥሩ ነው።

እጅንም ማለማመድ አለ። የእንጨት ጫፍ ወፍራም ማር ውስጥ ንከሩና እንጨቱን በአግድም ይዛችሁ አሽከርክሩት። ካቆማችሁ ማሩ ይንጠባጠባል፤ ከፈጠናችሁ ይበተናል። የቀለጠ ብርጭቆም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ የሚያሽከረክሩት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ናቸው እንጂ የእጅ አንጓ አይደለም። ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ። ትከሻችሁ ከተወጠረ ዶቃው ይጣመማል።

የጋዙን ማያያዣ በሳሙና ውሃ አረስርሱት። አረፋ ከተነፋ ያፈተልካል ማለት ነው፤ አጥብቁና እንደገና ፈትሹ። አረፋው እስኪጠፋ ክብሪት አይጫር።

ዶቃው

ቶርቹን ለኩሱ። ወደ ፊታችሁ ሳይሆን ወደ ባዶ አየር የዞረ ይሁን። ከቶርቹ አፍ አጠገብ ደማቅ ሰማያዊ ሹል ነበልባል ይታያል። እዚያ ውስጥ ብርጭቆ አይገባም፤ ይፈላል፣ ግራጫ ይሆናል። የሥራው ቦታ ከሰማያዊው ሹል ጫፍ ጥቂት ሴንቲሜትር ወዲያ ነው። ነጩ ዘንግ ጥቀርሻ ከመሰለ በጣም ቀርባችኋል፤ ራቅ በሉ።

ዘንጉን በቀኝ እጅ፣ ሽቦውን በግራ ያዙ። ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጡት። ቀዝቃዛ ዘንግ በድንገት እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳል፤ ስብርባሪው ይረጫል። ስለዚህ የዘንጉን ጫፍ በነበልባሉ ሩቅ ጫፍ ላይ እያሽከረከራችሁ አስገቡት አውጡት፣ አስገቡት አውጡት። ጫፉ መቅላት ሲጀምር ቀስ እያላችሁ አቅርቡት። ብርጭቆው ይለሰልስና ወደ ኋላው ይሰበሰባል፤ ኳስ ይሠራል። ማሽከርከሩን ካቆማችሁ ግን ይወርዳል። ኳሱ 8 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ይበቃል።

ይህ ሲሆን ሽቦውም ከነበልባሉ ሥር መሞቅ አለበት። ጭቃ የተቀባው ክፍል ብርቱካናማ ሆኖ መጋል አለበት። ጀማሪ በብዛት የሚዘለው ይህንን ነው። ያልጋለ ሽቦ ላይ ያረፈ ብርጭቆ በደንብ አይይዝም፤ ትንሽ ቆይቶ ዶቃው ሽቦው ላይ ለብቻው ይዞራል።

አሁን ኳሱን ሽቦው ላይ አሳርፉት። ዘንጉን አትግፉ፤ አትጎትቱም። ሽቦውን ብቻ ከእናንተ ወደ ፊት አዙሩት፤ ብርጭቆው ራሱ ይጠመጠማል። በመጀመሪያ ጠባብ ቀለበት ሥሩ። ከዚያ በዚያው ቀለበት ላይ ደርቡበት። ወደ ጎን አትዘርጉት። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ነው። የዶቃው ርዝመት የሚወሰነው መጀመሪያ ባረፈው ቀለበት ስፋት ነው፤ አፉ መሰርጎዱ ደግሞ በላዩ በተደረበው ብርጭቆ ብዛት። ቀለበቱ ሰፊ ሆኖ ብርጭቆው ካነሰ ጫፉ እየሳሳ ይሄድና ሹል ይሆናል። ቀለበቱ ጠበብ ብሎ ብርጭቆው ከበዛ ዶቃው ይወፍራል፣ አፉም ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ወደ ላይ ጨምሩ እንጂ ወደ ጎን አትሂዱ።

ሲበቃ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አርቁት። መሐል የሚቀረውን ክር ነበልባሉ ራሱ ይበጥሰዋል። በጉልበት አትበጥሱት፤ ቅንጥብጣቢው ዶቃው ላይ ጅራት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእናንተ ሳይሆን የሙቀቱ ነው። ዶቃውን ነበልባሉ ውስጥ በአንድ ፍጥነት አሽከርክሩ። የቀለጠ ብርጭቆ በገጽ ውጥረት የተነሣ ራሱ ክብ መሆን ይፈልጋል። ሽቦውን አግድም አድርጋችሁ ያዙት፤ ካዘነበለ ዶቃው ወደ አንድ ጫፍ ይሄዳል። በአንድ ጎን ከከበደ ከባዱን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ ለአፍታ አቁሙት። ክብደቱ ብርጭቆውን ወደ ሳሳው ጎን ያወርደዋል፤ ከዚያ ማሽከርከራችሁን ቀጥሉ። መዳመጫውን የምትጠቀሙት ቅርጹን በትንሹ ለማረቅ ነው። ብዙ ከተጫናችሁት ዶቃው ይበርዳል፣ ጠባሳም ያወጣል።

ስትሠሩ ቀለሙ ያልጠበቃችሁት ከሆነ አትደንግጡ። ቀይ ዘንግ በሙቀት ጥቁር ይመስላል፤ ሲበርድ ይመለሳል።

ጭቃው በመሐል ከተሰነጠቀና ዶቃው ሽቦው ላይ መዞር ከጀመረ ማዳን አይሞከርም። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ተዉትና አዲስ ሽቦ አንሡ። ጭቃ ርካሽ ነው።

ማቀዝቀዝ

ዶቃው ከተሠራ በኋላ ነው አብዛኛው የሚጠፋው። ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ይበርዳል፤ በሁለቱ መካከል ውጥረት ይፈጠራል፤ ቷ ይላል። ስለዚህ በቀጥታ ከእሳት አይወጣም። ወደ ነበልባሉ ሩቅ ጫፍ ወስዳችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሽከርክሩት፤ ሙቀቱ እኩል ይሁን። ከዚያ ከነበልባሉ አውጥታችሁ ጠረጴዛው ሥር ጥላ ውስጥ እያዞራችሁ እዩት። ቅላቱ ሲጠፋ ወዲያው እቶን ወይም ቨርሚኩላይት ውስጥ ይግባ። ገና ቀይ እያለ ከገባ ቨርሚኩላይቱ ገጹ ላይ ይታተማል። ከዘገየ ይሰነጠቃል። ዶቃውን ለአንድ ሰዓት ያህል አትንኩት፤ ማየት ያጓጓል፣ አውቃለሁ።

አሁን ስለ ቨርሚኩላይቱ እውነቱን እንነጋገር። ማቀዝቀዝን ያዘገያል፤ ውጥረትን ግን አያረግብም። በእሱ ብቻ የበረደ ዶቃ ደህና መስሎ ወራት ሊቆይና አንድ ቀን መሳቢያ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ሊገኝ ይችላል። ውጥረቱን የሚያረግበው ሙቀቱን የሚቆጣጠር ትንሽ የኤሌክትሪክ እቶን ነው። ለ104 ብርጭቆ እስከ 515 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል፤ ትናንሽ ዶቃዎች እዚያ ለአንድ ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ በሰዓት 60 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ወደ 370 ይወርዳል። ከዚያ ይጥፋና በሩ ሳይከፈት በራሱ ይብረድ። በቨርሚኩላይት የበረዱትንም አጠራቅማችሁ በኋላ በአንድ ላይ ማርገብ ትችላላችሁ፤ ከቀዝቃዛ ስትነሡ ሙቀቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ እንጂ።

እቶን ውድ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ዶቃዎች ግዴታ አይደለም። ለመሸጥ ወይም ለሰው ለመስጠት ሲሆን ግን ግዴታ ነው። ባይኖራችሁ በክፍያ የሚያረግብላችሁ ስቱዲዮ ፈልጉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ትምህርቱን ራሱን ማግኘት ትችላላችሁ፤ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ያለው የኮርኒንግ የብርጭቆ ሙዚየም ስቱዲዮ በነበልባል ሥራ ለጀማሪዎች ኮርስ ይሰጣል።

ብርሃን የሚያሳልፍ ዶቃ ከሆነ ውጥረቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ሁለት ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽሮችን አንዱን በሌላው ላይ አዙራችሁ እስኪጨልሙ አስተካክሉ። ዶቃውን በመካከላቸው አድርጋችሁ ወደ ብርሃን እዩ። ጨለማው ውስጥ ዶቃው ደምቆ ካበራ ውጥረት አለበት።

ማውጣትና ማጽዳት

ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ሽቦውን ከነዶቃው ለጥቂት ጊዜ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ሽቦውን በፒንሳ ይዛችሁ ዶቃውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አዙሩት። መጀመሪያ የሚዞረው ዶቃው ነው፤ ከዚያ ይወጣል። እምቢ ካለ ተጨማሪ ዘፍዝፉት። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ነጭ ጭቃ በአልማዝ ሞረድ አጽዱት፤ ግን ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ። የጭቃውና የብርጭቆው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። አንዳንድ ቀለም ውስጥ ካድሚየም ወይም እርሳስ አለ፤ ስለዚህ በደረቁ መሞረድ ጨርሶ አይፈቀድም። በምትበሉበት ሳህንና በምታበስሉበት ጠረጴዛ ላይም አትሥሩት።

አሁን አፉን በጣታችሁ ዳሱት። ከቧጨራችሁ፣ ቀጣዩን ዶቃ በጠበበ ቀለበት ጀምሩና ብርጭቆ ጨምሩበት። ሞርዶ ማለሳለስ ይቻላል፤ ግን ሞረድ ከለመዳችሁ እጃችሁ አይማርም።

ሁለተኛው ቀለም

ሜዳ ክብ ዶቃው በተከታታይ ሁለቱም አፉ ተስተካክሎ መውጣት ሲጀምር ነጥብ ሞክሩ። በመጀመሪያ ክር መሳብ ነው። የነጩን ዘንግ ጫፍ አቅልጣችሁ ከእሳቱ አውጡት፤ ጫፉን በፒንሳ ያዙና አንድ ሁለት እስክትሉ ጠብቃችሁ በዝግታ ሳቡት። ከሁለት ሚሊሜትር ያልበለጠ ክር ይወጣል። ቶሎ ከሳባችሁ ፀጉር ይሆናል፤ ከዘገያችሁ አይሳብም።

ጥቁሩን ዶቃ ሥሩና ቅርጹ ሲስተካከል ከነበልባሉ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሞቅ እንዳለ ያዙት። የነጩን ክር ጫፍ በነበልባሉ ዳር አለስልሱ፤ ዶቃውን ነካ አድርጉበትና ክሩን ነበልባሉ ይቁረጠው። ክቡን አራት ቦታ ከፍላችሁ መጀመሪያ ፊትና ጀርባውን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ጎን ነጥቡ፤ በተራ ከዞራችሁ ርቀቱ አይስተካከልም። ነጥቦቹ ጎላ ብለው እንዲቀሩ ከፈለጋችሁ ትንሽ ብቻ አሙቁ፤ ከገጹ ጋር እኩል እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ እስኪሰምጡ አሽከርክሩ። በዚህ መሐል ዶቃውን አትርሱት፤ አንዱን ነጥብ ስታሳምሩ ሌላው ጎን ይበርዳል። በየሁለት ነጥቡ መላውን ዶቃ አንዴ በነበልባሉ አሳልፉት።

ስትጨርሱ፣ ቶርቹ ጠርሙሱ ላይ የተጠመዘዘ ከሆነ የቶርቹን ቁልፍ ዝጉ። በቱቦ የተገናኘ ከሆነ ግን መጀመሪያ የጋዙን ጠርሙስ ዝጉ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ ነበልባሉ ሲጠፋ የቶርቹን ቁልፍ ዝጉ። ማረፊያው ላይ ያለው ዘንግ ቅላቱ ቢጠፋም ገና ይፋጃልና ልጆች ወደ ጠረጴዛው እንዳይቀርቡ።